መካሪ ለልጅ፣ አጋዥ ለወላጅ፦ በሰሜን ሸዋ የመካሪነት ፕሮግራም ለመጀመር የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

እሁድ ከሰዓት በኋላ ከገጠር ቀበሌ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ደብረ ሲና ወይም ወደ ዓለም ከተማ በእግር የሄደ ሰው እነዚህን ልጆች ያውቃቸዋል። ጀርባቸው ላይ ጆንያ አለ። ጆንያው ውስጥ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴም ድርቆሽ። የሳምንት ስንቅ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ደርሰዋል፤ በቀበሌያቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የለም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሆነው ከተማ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ።

ዕድሜያቸው አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ነው። እናት አጠገባቸው የለችም። አባት የሚያገኛቸው በገበያ ቀን ነው፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ። ማታ “አጠናሽ ወይ?” የሚል የለም። ሲያማቸው “ምን ሆንክ?” የሚል የለም።

ወላጆቹም ችላ ብለው አይደለም። በግ ሸጠው፣ ገብስ አስፈጭተው ነው የላኳቸው። ግን የትምህርት ቤቱ ነገር ለብዙዎቹ ሩቅ ነው። ደብተሩን ገልጠው ቢያዩት አያነቡትም። ስለዚህ ዝም ይላሉ። ልጁም ዝም ይላል። ከዚያ አንድ ቀን ውጤት ይመጣና ሁሉም ይደነግጣል።

ውጤቱን ደግሞ አይተነዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። መካሪ፣ ማለትም አንድን ልጅ በየሳምንቱ እየጠየቀ የሚያዳምጥና የሚያግዝ ትልቅ ሰው፣ ብቻውን ይህን አይቀይርም። የመምህር፣ የመጽሐፍ፣ የላቦራቶሪ ጉዳይ አለ። ግን አንድ ልጅ ብቻውን እንዳይወድቅ ማድረግ በአንድ ሰፈር አቅም የሚቻል ሥራ ነው።

ይህን የምጽፈው ለእድር ዳኞች፣ ለመምህራን፣ ለሰንበት ትምህርት ቤትና ለመድረሳ ወጣቶች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ “እኔስ ምን ላድርግ?” ለሚል ጎረቤትም ነው። በቅድሚያ አቋሜን ልናገር። ልጁን ብቻ ይዞ ወላጁን የሚተው ፕሮግራም እኛ አገር አይዘልቅም። መካሪው የሚገባው በወላጅ በር ነው።

ይሠራል ወይ?

በደንብ ከተያዘ ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1904 በኒውዮርክ የተጀመረ፣ አሁን “ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ” በሚል ስም የሚታወቅ ድርጅት አለ። ሥራው አንድን ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ማገናኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት 959 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አየ። ግማሾቹ መካሪ አገኙ፣ ግማሾቹ ወረፋ ጠበቁ። ከዓመት ተኩል በኋላ መካሪ ያገኙት ልጆች አደንዛዥ ዕፅ የመጀመር ዕድላቸው በ46 በመቶ ያነሰ ሆነ። ከትምህርት ቤት የሚቀሩባቸው ቀኖችም በግማሽ ያህል ቀነሱ። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ሌላው ነገር ነው። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር የበለጠ ተግባቡ። መረጃውን በኋላ እንደገና የመረመሩ ተመራማሪዎችም የትምህርት መሻሻሉ በከፊል የመጣው በዚሁ መግባባት በኩል እንደሆነ አገኙ።

ወደ እኛ እንምጣ። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ ሞሰቦ በሚባል ቦታ “ብርሃነ ሔዋን” የተባለ ፕሮግራም ተካሂዶ ነበር። ልጃገረዶች በሴት መካሪዎች እየተመሩ በቡድን ይገናኛሉ። ትምህርት ላይ ያሉት ደብተርና እስክሪብቶ ያገኛሉ። ወላጆችና ጎረቤቶች ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ በየጊዜው ተሰብስበው ይወያያሉ። ልጁን ሳይድር የቆየ ቤተሰብ ደግሞ በመጨረሻ በግ ወይም ፍየል ይሰጠዋል። ውጤቱ ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ዘንድ የማግባት ዕድሉ ፕሮግራሙ ካልነበረበት ቦታ አንድ አሥረኛ ያህል ሆኖ ተገኘ። ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸውም ሦስት እጥፍ ነበር። ልብ በሉ፤ ልጅቷ መካሪ አገኘች፣ ወላጁም ትርፍ አገኘ፣ ጎረቤቱም ተነጋገረ። ሦስቱ አብረው ሄዱ።

ደረጃ 1፦ ለየትኞቹ ልጆች እንደሆነ ወስኑ

“ለሁሉም ልጅ” ብሎ የጀመረ ለማንም አይደርስም። አንድ ዓይነት ችግር ያለባቸውን ምረጡ። በሰሜን ሸዋ ዓይኔ የሚያርፍባቸው እነዚህ ናቸው፦ ከላይ ያነሳኋቸው ተከራይ ተማሪዎች፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የደረሱ ልጃገረዶች፣ በእረኝነት ምክንያት ትምህርት የሚቆራረጥባቸው የመንዝና የአካባቢው ልጆች፣ ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያሉ ልጆች።

ከነዚህ አንዱን ያዙ። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ልጅ ይበቃል። ስም ዝርዝሩን ከርዕሰ መምህሩና ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋር አውጡ። ጎበዞቹን ብቻ እንዳትመርጡ አደራ። ጎበዙማ መንገዱን ይዟል። የሚቀረውን፣ የሚያረፍደውን፣ ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ በወላጅና በአገር ሽማግሌ በር ግቡ

ነገሩ እኛ ዘንድ አዲስ አይደለም። የክርስትና አባትና የክርስትና እናት አሉ። በአልዩ አምባና በሸዋ ሮቢት በኩል ባሉ ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ ልጅን የሚመክር ዑስታዝ አለ። የሌላ ሰው ልጅ ሲያጠፋ የሚቆጣ ጎረቤት አለ። ፕሮግራሙ ይህን ያጠናክራል እንጂ አይተካም። ሲያስረዱም ከዚህ መነሳት ይሻላል። “ፕሮጀክት መጣ” ከተባለ ሰው ሁሉ “ስንት ይሰጡናል?” ይላል። “እንደ ክርስትና እናት ልጅቷን በየሳምንቱ የምትጠይቃት አንዲት ሴት” ከተባለ ግን ወዲያው ይገባል።

ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት ሰው የሚሰማቸውን ሦስት አራት ሰዎች ለየብቻ አነጋግሩ። የእድሩ ዳኛ፣ ቄሱ ወይም ሼሁ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሰብሳቢው፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ። ቀበሌውና የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይወቁ። ደብዳቤ ጻፉ፣ ቅጂውን አስቀምጡ። በኋላ ችግር ሲመጣ የምትሮጡት ወደ እነሱ ነው።

ጊዜውንም አስቡበት። በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራ ላይ ያለን ገበሬ ስብሰባ መጥራት ድካም ብቻ ነው። ሰው አስቀድሞ በተሰበሰበበት ተገኙ። ሰንበቴ ላይ፣ ጽዋ ማኅበር ላይ፣ የእድር ቀን ላይ አሥር ደቂቃ ለምኑ።

ከዚያ ቤት ለቤት። ይህን አትዝለሉት። እናትየዋ ቡና እያፈላች፣ አባትየውም ባለበት ቢሆን ይመረጣል። ንግግሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

“እትዬ፣ ልጅዎን ልንወስድብዎ አይደለም። ያሳደጓት እርስዎ ነዎት። እኛ ከተማ ላይ በዓይናችን ልናይልዎ ነው። አንዲት ሴት በየሳምንቱ ትጠይቃታለች። ያየችውን መጥታ ትነግርዎታለች። ካልወደዱት በማንኛውም ቀን ‘ይቅር’ ይበሉን፣ ይቀራል።”

አባትየው “እናንተስ ምን ልታገኙበት ነው?” ማለቱ አይቀርም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ደመወዝ እንደሌለ፣ ገንዘብ ካለም ከየት እንደመጣና ለምን እንደሚውል በግልጽ ንገሩት። ቀጥሎ እናንተም ጠይቁ። “ስለ እሷ የሚያሳስብዎ ምንድነው?” መልሱን ጻፉት። አንዱ “ባለጌ እንዳይሆንብኝ” ይላል። ሌላው “ከብቱን የሚይዝልኝ አጣሁ” ይላል። የፕሮግራማችሁ ዕቅድ ከዚህ ወረቀት ነው የሚወጣው።

ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። ማንበብ ለማይችል ወላጅ በጎረቤት ፊት ተነቦለት በጣቱ ይፈርም። ልጁም ይጠየቅ። “እሺ” ያላለ ልጅ አይመዝገብ።

ደረጃ 3፦ መካሪዎችን ምረጡ

ዲግሪ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሚያዳምጥ፣ ቃሉን የሚያከብር፣ ወሬ የማያመላልስ ሰው ነው። ጡረታ የወጣ መምህር፣ ልብስ ሰፊ፣ ነርስ፣ ሱቅ ያላት ሴት፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ ወጣት ሁሉም ይሆናል። እኔ የማደላው ራሳቸው ስንቅ ተሸክመው ለተማሩ ሰዎች ነው። ችግሩን አይነገራቸውም።

ደብረ ብርሃን ላይ ለምትጀምሩ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ቅርብ ናቸው፣ ፍላጎትም አላቸው። ግን ክረምት ላይ ይሄዳሉ፣ ሲመረቁም ይሄዳሉ። ለጥናት እርዳታ አሰልፏቸው። ዋናው መካሪ የሰፈሩ ነዋሪ ይሁን።

ሴት ልጅ ሴት መካሪ ይኑራት። በዚህ አትደራደሩ። ለልጁ ማርክ የሚሰጠው መምህርም የዚያው ልጅ መካሪ አይሁን። ልጁ እውነቱን ሊነግረው ይከብደዋል።

ማጣራቱ ጠንከር ይበል። ከመካሪው ጋር ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ይመስክሩ። ከሰፈሩ ሴቶች መካከል አንዷ ብትሆን ደግ ነው፤ ሴቶች የሚያውቁት ነገር አለ። ቀበሌውንና ፖሊስን ጠይቁ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት። “ለምን ፈለግህ? ልጅ ሲዋሽህ ምን ታደርጋለህ? ለአንድ ዓመት ሳታቋርጥ ትችላለህ?” የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነው። “እሞክራለሁ” ካለ ለሌላ ሥራ መድቡት። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ማጣራቱ ያስቀየመው ሰው ካለ ይቀየም። ለልጅ ሲባል የሚጠየቅ ጥያቄ ሊያስቆጣ አይገባም።

ደረጃ 4፦ የደኅንነት ሕጎች

ሁሉም መካሪ አንብቦ ይፈርም። ወላጆችም በቃል ይነገራቸው። እኔ ብሆን እነዚህን አስቀምጣለሁ።

መካሪና ልጅ የሚገናኙት ሰው በሚያይበት ቦታ ነው። የትምህርት ቤት ግቢ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በረንዳ፣ በሩ የተከፈተ ክፍል። መካሪው ቤት ማደር የለም።

ገንዘብ መስጠት፣ ማበደር፣ ስልክ መግዛት የለም። ደብተርም ቢሆን በፕሮግራሙ ስም፣ ወላጅ እያወቀ ይሰጣል። በስጦታ የተጀመረ ግንኙነት መጨረሻው አያምርም።

የልጁ ፎቶ ፌስቡክ ላይ፣ ቲክቶክ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ አይወጣም። “የረዳናቸው ልጆች” ተብሎ የተለጠፈ ልጅ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

መካሪ “ለማንም አልናገርም” ብሎ ቃል አይግባ። እንዲህ ይበል፦ “የምትነግረኝን ለወሬ አላወጣውም። የሚጎዳህ ነገር ካለ ግን የሚረዳ ሰው እንጠራለን። ስንጠራም ታውቃለህ።”

ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት ወይም የጋብቻ ዝግጅት ከተሰማ መካሪው ብቻውን አይመርምር፣ አያስታርቅም። በዚያው ቀን ለአስተባባሪው፣ አስተባባሪውም ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ። አስገድዶ መድፈር ከሆነ ልጁ ወይም ልጅቷ ሳይታጠቡ፣ ልብሱን ሳያጥቡ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። “በሽምግልና እንጨርሰው” የሚል ሰው ይመጣል። ሽምግልና ለድንበር፣ ለብድር፣ ለባልና ሚስት ጠብ ክቡር ነገር ነው። ለዚህ ግን አይሆንም።

ጋብቻን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው፤ 18 ዓመት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል። የሠርግ ወቅት ጥር ላይ ይደምቃል፣ ከፋሲካ በኋላም ይቀጥላል። ስለዚህ የልጃገረዶች መካሪዎች ከታኅሣሥ ጀምሮ ጆሯቸው ይንቃ። ልጅቷ በድንገት ትምህርት ካቆመች፣ አዲስ ቀሚስ ተሰፍቶላት ምክንያቱን መናገር ካፈረች፣ ቤት ሄዶ ቡና መጠጣት ነው።

ደረጃ 5፦ አሠልጥኑ፣ በተለይ ማዳመጥን

ሁለት ቀን ይበቃል። አንዱን ቀን ለሕጎቹና ለሥራው ድርሻ፣ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ለልምምድ ስጡት። አብዛኞቻችን ምክር ማለት መናገር ይመስለናል። ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዱ። አንዱ ልጅ ይሁን፣ አንዱ መካሪ።

ልጁ “ትምህርቱን ልተወው ነው” አለ እንበል። የለመድነው መልስ ይህ ነው፦ “አይ አንተ! አባትህ በጉን ሸጦ ነው እኮ ያስተማረህ! አታፍርም?” ልጁ አንገቱን ይደፋል። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ሌላውን ሞክሩ። “እህ… ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ያሰብከው?” ከዚያ ዝም። ዝምታውን መታገሥ ነው ከባዱ። ትንሽ ቆይቶ “ዘጠነኛ ከገባሁ ጀምሮ” ይላል። “ምን ተፈጠረ ያኔ?” “ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነብኝ። መምህሩ ሲጠይቁኝ መቆም አፈርኩ።” አያችሁ? ልጁ ሰንፎ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ የማስተማሪያው ቋንቋ ተቀይሮበታል። ይህ ደግሞ መፍትሔ አለው። በቀን አምስት ቃል፣ ከሚማረው መጽሐፍ ላይ፣ ትርጉሙን ደብተር ዳር ጽፎ። መምህሩንም ለብቻ ማነጋገር ይቻላል።

ማስተባበሩን አንድ ሰው ይያዝ፤ መካሪዎቹም በወር አንድ ጊዜ ይሰብሰቡ። የከበዳቸውን ይነጋገሩ።

ደረጃ 6፦ አገናኙ

ሰፈር፣ ጾታ፣ ጠባይ፣ ልጁ የሚወደው ነገር ይታይ። የመጀመሪያው ግንኙነት ወላጅ ባለበት ይሁን፤ ልጁ ተከራይ ከሆነ ወላጅ ለገበያ በሚመጣበት ቀን ቀጠሮ ይያዝ። አስተባባሪው ሦስቱን ያስተዋውቃል። መካሪዋ ለእናትየዋ ስልኳን ትሰጣለች። እናትየዋ ስልክ ከሌላት የጎረቤት ስልክ ይመዝገብ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ ላይናገር ይችላል። አትደንግጡ። አብሮ መንገድ መሄድ፣ ቆሎ መቆርጠም፣ ኳስ ማየት ይበቃል። ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመጠያየቅ ይልቅ ጎን ለጎን ሲሄዱ ልጅ ይበልጥ ያወራል።

ደረጃ 7፦ የሳምንቱ ጥየቃ

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ያህል። ቀኑና ሰዓቱ አይቀያየር። “ሐሙስ አሥር ሰዓት” ከተባለ ሐሙስ አሥር ሰዓት ነው። ሐሙስን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እሁድ የመጣው ስንቅ ሐሙስ ላይ ይሳሳል። ዳቦው ይሻግታል፣ ሽሮው ያልቃል። ልጁ ዓርብ ባዶ ሆዱን ክፍል ይገባል፣ ወይም ቀርቶ ወደ አገሩ ይነሳል። ዓርብ ዓርብ የሚቀር ተማሪ ካለ መጀመሪያ የስንቁን ነገር ጠይቁ።

ለተከራይ ልጆች መካሪው እነዚህን በዓይኑ ይይ። በሩ ይቆለፋል ወይ? አከራዩ ማነው? ልጃገረዶች ከሆኑ በዚያ ግቢ ማን ማን ይኖራል? መጸዳጃው ሌሊት ለመውጣት ያስፈራል ወይ? ለማጥናት መብራት አለ ወይ?

ከሰሉንም ይይ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንዝም ብርዱ የታወቀ ነው። ልጆች ማታ በከሰል ያበስሉና ፍሙን ለሙቀት ብለው እቤት ውስጥ ትተው በር ዘግተው ይተኛሉ። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ተኝተው ሳለ ይገድላል። መካሪው ይህን አንድ ጊዜ ብሎ አይለፍ፤ ብርድ በመጣ ቁጥር ይድገመው። ፍሙ ከመኝታ በፊት ውጭ ይውጣ። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ወይም ባና ማግኘት ከተቻለ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ከዚያ ትምህርቱ። መካሪው ፊዚክስ ማወቅ የለበትም። ደብተሩን ያስገልጥና “እስቲ የዛሬውን እንደማላውቅ አድርገህ አስረዳኝ” ይበለው። ልጁ ማስረዳት ካቃተው የት ላይ እንዳልገባው ራሱ ያየዋል። ያን ምልክት አድርጎ ለመምህሩ ወይም ለዩኒቨርሲቲው ተማሪ ይወስዳል።

ከልጃገረዶች ጋር ስለ ወር አበባ በግልጽ ይወራ። በየወሩ ሦስት አራት ቀን የምትቀር ልጅ ካለች ምክንያቱ የሞዴስ እጦት ሊሆን ይችላል። ሴት መካሪ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ሲቋረጥስ? ባለፉት ዓመታት አካባቢያችን በግጭት ምክንያት ይህን ደጋግሞ አይቷል። ዕቅዱ አስቀድሞ ይኑር። ልጁ ወደ ወላጁ በማን በኩል ይሄዳል? ማን ይደውላል? ቤት ሆኖ የሚያነበው ምንድነው? በእንዲህ ያለ ጊዜ ማንም መካሪ ልጅ ለማየት ብሎ አደጋ ውስጥ አይግባ። መካሪና ልጅ ሲገናኙም ፖለቲካ አይወራ።

ደረጃ 8፦ ወላጅን ደግፉ

ብዙ ፕሮግራም እዚህ ጋ ይዳከማል። ልጁ ላይ ይተጋና ወላጅን የሚጠራው ሲያጠፋ ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጅ “ትምህርት ቤት ይፈልጉሃል” ሲባል ሆዱ ይረበሻል።

የመጀመሪያው ድጋፍ ወሬ ማድረስ ነው። መካሪዋ በወር አንድ ጊዜ ትደውል ወይም በገበያ ቀን ትገናኝ። ወሬውም ከመልካም ይጀምር። “ሒሳብ ላይ ተሻሽሏል፣ ደብተሩንም ንጹሕ አድርጎ ይዟል። እንግሊዝኛ ግን አሁንም ያስቸግረዋል።” ስለ ልጇ መልካም ነገር ከትምህርት ቤት በኩል ሰምታ የማታውቅ እናት ብዙ ናት። ፊቷ ሲበራ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው፣ ማንበብ የማይችል ወላጅም ልጁን መከታተል እንደሚችል ማሳየት ነው። ልጁ ቅዳሜ ሲመጣ ደብተሩን ያምጣ። አባት ገጹን ይግለጥ። የዚህ ሳምንት ጽሑፍ አለ ወይስ ወረቀቱ ነጭ ነው? የመምህሩ ቀይ ምልክት አለ ወይ? “ይሄ ምንድነው? አስረዳኝ እስቲ” ይበል። ልጁ ለአባቱ ሲያስረዳ ያጠናል። አባትም በልጁ ትምህርት ውስጥ ቦታ ያገኛል። ይህን ለማድረግ ፊደል መቁጠር አይጠይቅም።

ሦስተኛው የሥራ ክፍፍል ነው። ገጠር ላይ ልጅ አይሥራ ማለት አይቻልም፤ በጉን ማን ይጠብቅ? ግን መደራደር ይቻላል። በፈተና ሰሞን እረኝነቱን ጎረቤታሞች ተራ ይግቡበት። ውኃ መቅዳቱን ወንዱም ይቅዳ። እቤት እየኖሩ ለሚማሩ ልጃገረዶች ደግሞ ማታ ከእንጀራው በፊት አንድ ሰዓት ንባብ ይከበር። ይህን አንድ ወላጅ ብቻውን ሲጀምረው ይከብደዋል። አሥር ወላጆች ሲስማሙበት ግን የሰፈር ደንብ ይሆናል።

ለዚህ ነው የወላጆች ስብሰባ የሚያስፈልገው። በወር አንድ ጊዜ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አንድ ርዕስ ብቻ። ንግግር የሚያደርግ እንግዳ ከመጥራት እነሱ ይናገሩ። አንዷ እናት “እኔ እንዲህ ሳደርግ ልጄ ተመለሰልኝ” ስትል ከየትኛውም ባለሙያ ይበልጥ ትሰማለች። አባቶችም ይምጡ። ካልመጡ ስብሰባውን አባቶች ወዳሉበት ውሰዱት።

ከስብሰባው ጠቃሚ ነገር መወለዱም አይቀርም። የአንድ ቀበሌ ወላጆች ተራ ቢገቡ ሳምንቱ አጋማሽ ላይ አንድ ሰው የሁሉንም ልጆች ተጨማሪ ስንቅ ይዞ ከተማ ሊደርስ ይችላል። በአንድ ሰው ድካም የአሥር ልጅ ዓርብ ይሞላል።

ከአቅም በላይ የሆነውን ደግሞ ወደሚመለከተው ምሩ። ሴፍቲኔት ውስጥ መግባት የሚገባው ቤተሰብ ካለ ወደ ቀበሌው፣ የምትታመም እናት ካለች ወደ ጤና ኤክስቴንሽኗ፣ መቆጠብ የሚፈልጉ ካሉ ወደ ቁጠባ ማኅበር። ለተፈናቀሉ ወላጆች ሌላው ሸክም ሐዘን ነው። ንብረትና ዘመድ ያጣች እናት ልጇ ላይ ብትጮህ አትፍረዱባት። መጀመሪያ እሷን የሚሰማ ሰው ትፈልጋለች። ሌላ ተፈናቃይ እናት ብትሆን ይመረጣል።

መካሪ በወላጅና በልጅ መካከል ዳኛ አይሁን። ልጁ “እናቴ አትወደኝም” ሲል “ልክ ነህ” ማለትም፣ “እንዴት እንዲህ ትላለህ!” ማለትም አይጠቅምም። “ለእሷ ብትነግራት ምን ትላታለህ?” ብሎ ያለማምደውና ቅዳሜ ቤቱ ሄዶ እንዲናገር ያግዘው።

ደረጃ 9፦ ገንዘብና መዝገብ

ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የቡና ወጪ፣ ለሩቅ ቀበሌ የሚሄድ መካሪ መሳፈሪያ። እድሩ ትንሽ ቢመድብ፣ ከተማ ያሉ የአገሩ ተወላጆች ቢያዋጡ ይሸፈናል። ገንዘቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይውጣ፤ ሒሳቡ በየወሩ በወላጆች ፊት ይነበብ።

መዝገቡም ቀላል ይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ። በዚህ ወር ስንት ቀን ቀረ? መካሪው ስንት ጊዜ ጠየቀው? የፈተና ውጤቱ ምን ይመስላል? ወላጁ ምን አለ? መካሪና ልጅ ሁለት ሳምንት ሳይገናኙ ካለፉ አስተባባሪው ይጠይቅ። ገጹ ላይ ምስጢር አይጻፍ፤ መዝገቡ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ደረጃ 10፦ መለያየት

የአንድ ዓመት ቃል የጠየቅሁበት ምክንያት ይኸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የዚያው የአሜሪካ ፕሮግራም ጥናት እንዳሳየው ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ግንኙነት ብዙ ጥቅም አለው። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠ ግን ልጁን ይጎዳል፤ በራሱ ላይ ያለው እምነት ይቀንሳል። ልጁ “እኔ ምን አድርጌ ነው የጠፋችው?” ይላል። በተለይ አንዴ የተለየው ሰው ያለው ልጅ።

ስለዚህ መካሪ በድንገት አይጥፋ። መልቀቅ ግድ ከሆነ አንድ ወር አስቀድሞ ይናገር፣ ተተኪውን ይዞ ይምጣ፣ ሦስቱ አብረው ይገናኙ። ልጁንም ወላጁንም ተሰናብቶ ይሂድ። ልጁ ትምህርት ጨርሶ ሲሄድም ሰኔ ላይ ወላጆችና መካሪዎች ባሉበት ዳቦ ተቆርሶ ይሸኝ። ከሚሸኙት መካከል በቀጣዩ ዓመት ዘጠነኛ ክፍል የሚገቡትን ለመቀበል ፈቃደኛ የሆነ ካለ ስሙን እዚያው መዝግቡት። ነሐሴ ላይ የአዳዲሶቹን ወላጆች ቤት ስትዞሩ ይዛችሁት ሂዱ።